ማሲንቆ አልጮህ ሲል፦ የደጋኑን ጭራ ከመቁረጣችሁ በፊት

ማሲንቆ አልጮህ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው የደጋኑን ጭራ ነው። ጭራው ይቆረጥና አዲስ ይታሰራል፤ ከሳምንት በኋላ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል። ለጥገና ከሚመጡልኝ ደጋኖች ጭራቸው በእውነት ያለቀባቸው ጥቂቶቹ ናቸው። መቀሱ የመጨረሻ ይሁን።

ደጋኑ ይንሸራተታል፣ ድምፁ ይሰልላል

ወይ ሙጫ (ጭራው ላይ የሚቀባው ደረቅ የዛፍ ሙጫ) የለውም ወይ ቅባት ነክቶታል። የፈረስ ጭራ ብቻውን ክሩን አይዝም። ይዞ የሚለቀው ሙጫው ነው፤ ድምፅም የሚወለደው ከዚያ መያዝና መልቀቅ ነው። በማሲንቆ ደግሞ ክሩም የፈረስ ጭራ ስለሆነ ሁለቱም ሙጫ ይፈልጋሉ። ከቫዮሊን ወደ ማሲንቆ የመጡ ተማሪዎች ይህን ይስቱታል፤ ክር ላይ የቀረ ሙጫ መጥረግ ስለለመዱ ደጋኑን ብቻ ቀብተው ይቀመጣሉ። ከሱቅ የተገዛ አዲስ ሙጫ ፊቱ እንደ መስታወት ካንጸባረቀ በብርጭቆ ወረቀት ጫር ጫር አድርጉት፤ አለበለዚያ ጭራው ላይ አይወርድም።

ተቀብቶም አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚንሸራተት ከሆነ እዚያ እጅ ነክቶታል፤ ብዙውን ጊዜ መያዣው አጠገብ ነው። በቅባት ላይ ሙጫ አትደርቡ። ንጹሕ ጨርቅ በአልኮል አርሳችሁ ጭራውን ብቻ ጥረጉ። እንጨቱን ከነካ ቫርኒሹን ይበላዋል። ሲደርቅ አበጥሩትና እንደገና ቀቡት።

ድምፁ ይሻክራል፣ ነጭ ዱቄት ይረግፋል

ሙጫ በዝቷል። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት።

ጭራው ላላ

ክረምት ነው? የፈረስ ጭራ እርጥበት ሲጠጣ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል። በሐምሌ የላላው በጥቅምት ይመለሳል፤ በሐምሌ ያሳጠራችሁት ግን በበጋ ደጋኑን እስኪሰብረው ሊወጥረው ይችላል። የማሲንቆው ድምፅ ሳጥን ቆዳም በክረምት ይረግባልና ድምፁ ስለታፈነ ብቻ በደጋኑ አትፍረዱ።

የማሲንቆ ደጋን እንደ ቫዮሊን ማጥበቂያ ብሎን የለውም፤ ጭራውን የሚወጥረው የእንጨቱ ጉብጠት ነው። በበጋ ከላላ ቋጠሮውን እዩ፣ ተንሸራቶ ይሆናል። ቋጠሮው ደህና ሆኖ እንጨቱ ቀጥ ብሎ ከሆነ ግን መቀየር ያለበት ደጋኑ ነው።

ጭራው ይበጣጠሳል

በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ አስተሳሰሩ ላይ አጫጭሮቹ ጭነቱን ተሸክመዋል ማለት ነው። ሳይነካ ከማስቀመጫ ሳጥኑ ሲወጣ ተበጣጥሶ ካገኛችሁት ግን ነፍሳት በልተውታል፤ ሳይከፈት የሚቆይ ጨለማ ሳጥን ይወዳሉ። ሳጥኑን ጠርጋችሁ ፀሐይ አስመቱት፣ ጭራውን ቀይሩ።

መቀየር ግድ ሲሆን

ከወንድ ፈረስ የተወሰደ ጭራ ይመረጣል፤ የሴቷን ሽንት ይነካዋል። በለብ ያለ ውኃና በሳሙና አጥባችሁ በጥላ አድርቁት። ቀጫጭኑን፣ የቆሰለውንና የተጣመመውን አንድ በአንድ አውጡ፤ አሰልቺ ነው፣ ግን ልዩነቱ ያለው እዚህ ነው። ለቫዮሊን ደጋን ከ150 እስከ 200 ዘለላ ይታሰራል፤ ለማሲንቆ የነበረውን ውፍረት ተከተሉ።

አንዱን ጫፍ በጥጥ ክር አጥብቃችሁ እሰሩና ከክሩ ያለፈውን ጭራ በእሳት ጫፍ ለኮስ አድርጉት። የተቃጠለው ጫፍ አብጦ ቋጠሮው እንዳያመልጥ ይይዘዋል። ከዚያ ጭራውን በውኃ አርጥባችሁ በጥቅጥቅ ማበጠሪያ ሁሉም እኩል እስኪተኛ አበጥሩ፤ ሁለተኛውን ጫፍ እንዳረጠባችሁት እሰሩ። ሲደርቅ ስለሚያጥር ጥቂት ላላ አድርጉት። እርጥቡን ጥብቅ አድርጎ ማሰር በዚህ ሥራ ከማያቸው ስህተቶች ሁሉ የሚበዛው ነው።

አድሮ ከደረቀ በኋላ ሙጫ ቀቡት። አዲስ ጭራ ሙጫ እስኪይዝ ብዙ ይጠጣልና መጀመሪያ ድምፅ ባይወጣ ደንግጣችሁ አትፍቱት፤ ደጋግማችሁ ቀቡ፣ ክሩንም ጭምር።