በጋራ ቤተ ሙከራ፣ አንዲት የሙጫ ጠብታ

ደብረ ብርሃን ላይ የጋራ ቤተ ሙከራ ተከራይታችሁ ወተት የምታቀነባብሩ ጀማሪዎች፣ ማየት የተሳነው ባልደረባ ካላችሁ ማሞቂያውን ሁልጊዜ ሌላ ሰው እንዲያስተካክልለት አታድርጉ። መጀመሪያ ወተቱን በቴርሞሜትር እየለካችሁ 63 ዲግሪ የሚደርስበትን የማሞቂያውን ቁልፍ ቦታ ለዩ። በዚያ ቦታ፣ ከቁልፉ ውጪ ባለው ገጽ ላይ፣ የስንዴ ፍሬ የምታክል የሲሊኮን ሙጫ ጠብ አድርጉ፤ በሚዞረው ቁልፍ ጠቋሚ ጫፍም ሌላ። ሲደርቅ ሁለቱን በጣት ዳስሶ ማጋጠም ነው። በዝግታ በሚሞቅበት ዘዴ ወተት ፓስቸራይዝ የሚደረገው (ጎጂ ተሕዋስያኑ በሙቀት እንዲሞቱ የሚደረገው) በ63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ስለሆነ፣ ከቁጥሮቹ ሁሉ የሚፈለገው ይኸው አንዱ ነው። ዓይናማውም ይጠቀምበታል፤ የጋራ መሣሪያ ላይ የቀደመው ሰው ቁልፉን ማዛባቱ መቼ ይቀራል! በንክኪ ስክሪን በሚሠራ መሣሪያ ግን አይሆንም። ለእያንዳንዱ ዙር የወተቱን ሙቀት በሚናገር ቴርሞሜትር ማረጋገጥም አይቀርም።