በአዲስ አበባ ጫጫታ መሃል አጭር ፊልም ለመሥራት

ካሜራ አያስጨንቃችሁ፣ ኪሳችሁ ያለው ስልክ ይበቃል። ብዙ ጥሩ ፊልም የሚበላሸው በድምፅ ነው። ተመልካች ደብዘዝ ያለ ምስል ይታገሣል፣ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም፤ ስለዚህ ትንሽ ገንዘብ ካላችሁ ለሌንስ ሳይሆን ልብስ ላይ ለሚሰካ ትንሽ የደረት ማይክ አውሉት። እሱም ከሌለ ሁለተኛ ስልክ ድምፅ መቅጃውን ከፍታችሁ የተዋናዩ ደረት ኪስ ውስጥ ክተቱ፣ ካሜራው ፊት አንዴ አጨብጭቡ፤ ኤዲት ስታደርጉ ምስሉንና ድምፁን የምታገጣጥሙት በዚያች ጭብጨባ ነው።

ቦታ በዓይን ብቻ አትምረጡ። ልትቀርጹ ባሰባችሁበት ሰዓት ሄዳችሁ ቁሙና አዳምጡ። ወያላው ይጣራል፣ ጎረቤት ሕንፃ እየተገነባ ነው፣ ብየዳ ቤቱ አያርፍም። ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከሆናችሁ ቀኑን እዩ፤ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም ነውና ቅዳሴው ከማለዳ ጀምሮ በድምፅ ማጉያ ይሰማል። መስጊድ አጠገብ ደግሞ ዓርብ ቀትርን ለንግግር አትያዙ። በክረምት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥርማ ጨርሶ አይታሰብም! እነዚህን ድምፆች ግን ለብቻቸው ቅዱና አስቀምጡ። ከንግግሩ ሥር ዝቅ አድርጋችሁ ስታስገቧቸው ፊልሙ አዲስ አበባን አዲስ አበባን ይሸታል።

ቤት ውስጥ ከሆነ እንዳያጉረመርም ፍሪጁን ንቀሉ፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀሉ። ብርሃኑ ጠዋት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ከ10 በኋላ ያምራል፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስለሆነች ዓይን ሥር ጥላ ትጥላለች።

መንገድ ላይ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) ስትዘረጉ የሚጠይቃችሁ አይጠፋም። የፈቃድ ደብዳቤ ያዙ፣ ለሰፈሩ ሰውም ቀድማችሁ ንገሩ።

ከባዱ ሥራ ማሳየቱ ነው። ሲኒማ ቤት ለ15 ደቂቃ ፊልም ብቻ በሩን አይከፍትም፤ ስለዚህ አራት አምስት ሆናችሁ ፊልሞቻችሁን አሰባስቡና የአንድ ምሽት ዝግጅት አድርጉት። የጀርመን የባህል ማዕከሉን ጎተ ኢንስቲትዩትን፣ ፒያሳ ያለውን የፈረንሳይ ባህልና ቋንቋ ማዕከል አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝን፣ ስድስት ኪሎ ያለውን የገብረ ክርስቶስ ደስታ የሥነ ጥበብ ማዕከልን፣ በ2011 ዓ.ም. መካኒሳ የተከፈተውን ዞማ ሙዚየምን ጠይቁ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፣ አንድ ገጽ ማብራሪያና የአንድ ደቂቃ ቅንጫቢ ይኑራችሁ፤ መልሱ ሊዘገይ ስለሚችልም ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

ሠዓሊዎችን አትርሱ። በመሥራቹ በአለ ፈለገ ሰላም ስም የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ሠዓሊ ሲያፈራ ኖሯል፤ ፖስተራችሁን ከዚያ ለወጣ ወጣት ስጡ፣ ሥዕሎቹንም እዚያው አዳራሽ ስቀሉለት። ለፊልም የመጣው ሥዕል ያያል፣ ለሥዕል የመጣው ፊልም ያያል። በዚህ ከተማ ነጻ ጥበብ እግር የሚያወጣው እንዲህ ስንደጋገፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የሰው ዘፈን ያለ ፈቃድ አታስገቡ። ፌስቲቫል ፊልሙን ሲቀበል የሙዚቃውን መብት ይጠይቃል። ማሲንቆ የሚጫወት ጓደኛ ካላችሁ እሱን ቅዱት፣ ክፍያውንና ስሙንም በወረቀት ተፈራረሙ።