ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል፣ ፎርማት ከማስደረጋችሁ በፊት

አሮጌ ዴስክቶፕ አልነሳ ብሎ ሰፈር ያለ ጥገና ቤት ስትወስዱት የሚሏችሁ ነገር ይታወቃል፣ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ»። ብዙ ጊዜ ግን ዊንዶውሱ ምንም አልሆነም፣ ፋይላችሁም እዛው ቁጭ ብሏል፣ የተበላሸው ማስነሻው ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የት ጋ እንደቆመ እዩ፣ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሁፍ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት ምክንያቱም እያንዳንዱ ጽሁፍ ሌላ ምክንያት ነው ያለው። እዚህ የማወራው በድሮው ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉም ቀድሞ የሚሰራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ስለሚነሱት፣ ዊንዶውስ 7 እና በዛ አካባቢ ስላሉት ማሽኖች ነው፣ ዩኢኤፍአይ (የባዮስ ተተኪ) ያላቸው አዳዲሶቹ አካሄዳቸው ሌላ ነው።

«ኖ ቡተብል ዲቫይስ» ወይም «ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኖት ፋውንድ» ካለ

ፍላሽ፣ ሚሞሪ ካርድ፣ ሲዲ ምናምን የተሰካ ካለ ንቀሉና እንደገና አስነሱት። አትሳቁ፣ ባዶ ፍላሽ ተሰክቶ ተረስቶ ስንቱ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ሄዷል። ካልሆነ ሲነሳ ኤፍ2 ወይም ዴሊት እየተጫናችሁ ባዮስ ግቡና ሀርድ ዲስኩ በስሙ ይታይ እንደሆነ እዩ። ከታየ የቡት ኦርደሩን (ከየትኛው ቀድሞ እንደሚነሳ የሚወስነውን ተራ) አስተካክሉ፣ ዲስኩን አንደኛ አድርጉት። ጭራሽ ካልታየ መብራቱን ነቅላችሁ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘውን የሳታ ገመድ አውጥታችሁ መልሱ፣ ሌላ ገመድ ካለ ቀይሩት። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምጽ ካለው ግን በቃ እዛ ጋ አቁሙ፣ ቼክዲስክም (የዊንዶውስ ዲስክ መፈተሻ) ሌላም አታስኪዱበት፣ መጀመሪያ ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ ማውጣት ነው፣ ጥገናው ይቆያል።

አርማው ታይቶ ሰማያዊ ስክሪን ብልጭ ብሎ እንደገና የሚነሳ ከሆነ፣ ሰዓቱም ወደ ኋላ ከሄደ

ይሄኛውን ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። ሰማያዊው ላይ ያለው ኮድ መጨረሻው 7ቢ ከሆነና ባዮስ ውስጥ ያለው ቀን የድሮ ዓመት ከሆነ ጥፋቱ የዊንዶውስ ሳይሆን የማዘርቦርዱ ባትሪ ነው። ሲአር2032 የምትባለው ሳንቲም የምታክለው ባለ 3 ቮልት ባትሪ ስትሞት ማሽኑ ከመብራት በተነቀለ ወይም መብራት በጠፋ ቁጥር ባዮሱ ሴቲንጉን ይረሳና ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። ዊንዶውሱ ሲጫን የሳታ ሞዱ (ማዘርቦርዱ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ) ኤኤችሲአይ ከነበረና አሁን በራሱ ጊዜ አይዲኢ ከሆነ ዊንዶውስ ዲስኩን ማንበብ አቅቶት ይወድቃል። ፎርማት ብታደርጉት በአዲሱ ሞድ ይጫንና ይሰራል፣ ከዛ ሴቲንጉን ያስተካከለ ሰው ሲመጣ መልሶ ይወድቃል፣ ሰውየውም «ይሄ ኮምፒውተር ቫይረስ አለበት» ይላል።

መፍትሄው፦ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ ባትሪዋን የያዘችውን ትንሽዬ ብረት በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ገፋ ስታደርጓት ባትሪዋ ብድግ ትላለች፣ አዲሷን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ሆኖ አስገቡ። ባዮስ ግቡና ቀኑን፣ ቡት ኦርደሩን፣ የሳታ ሞዱን አስተካክሉ። ድሮ የትኛው እንደነበር ካላወቃችሁ አሁን ያለውን ወደ ሌላኛው ቀይራችሁ ሞክሩ፣ ካልነሳ ወደ ነበረበት መልሱት።

«ቡትኤምጂአር ኢዝ ሚሲንግ» ካለ

ባዮሱ ዲስኩን አግኝቷል፣ ግን አክቲቭ የተባለው ፓርቲሽን (ማስነሻው የሚፈለግበት የዲስኩ ክፍልፋይ) ውስጥ ማስነሻው ፋይል የለም። ዊንዶውስ 7 ሲጫን ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት የምታክል ሲስተም ሪዘርቭድ የምትባል ፓርቲሽን ለብቻዋ ይሰራና ማስነሻውን እዛ ያስቀምጣል። ሰው «ይቺ ምን ትሰራለች» ብሎ ያጠፋታል፣ ወይም ዲስክ ማኔጅመንት ከፍቶ ዲ ድራይቭን አክቲቭ ያደርጋል፣ ወይም ወደ ኤስኤስዲ ሲገለብጥ ሲ ድራይቭን ብቻ ይገለብጣል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ፋይሉ የሚበላሽበትም ጊዜ አለ።

በዊንዶውስ ሲዲ ወይም ፍላሽ አስነሱ፣ ሪፔር ዩር ኮምፒውተር በሉ፣ ስታርትአፕ ሪፔሩን አንድ ሁለቴ ሞክሩ፣ እምቢ ካለ ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱ። ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ ነው የምጽፈው፣ እናንተ በእንግሊዝኛ ፊደል ምቷቸው። ዲስክፓርት፣ ከዛ ሊስት ዲስክ። ፍላሹም እዚህ ስለሚዘረዘር ዲስኩን በመጠኑ ለዩት። ጂፒቲ (የአዳዲሶቹ ማሽኖች የዲስክ አከፋፈል) የሚለው ስር ኮከብ ካለ ውጡ፣ ይሄ መንገድ ለሱ አይሆንም። ከሌለ ሴሌክት ዲስክ 0 (ቁጥሩ እሱ ከሆነ)፣ ሊስት ፓርቲሽን፣ 100 ሜጋባይቷ 1 ከሆነች ሴሌክት ፓርቲሽን 1፣ አክቲቭ፣ ኤግዚት። ትንሿ ፓርቲሽን ከጠፋች ዊንዶውሱ ያለበትን አክቲቭ አድርጉት። ክሊን የሚለውን ቃል ግን በስህተትም እንዳትጽፉ፣ ዲስኩን ነው ባዶ የሚያደርገው።

ቀጥሎ ቡትሬክ ስላሽ ፊክስኤምቢአር፣ ከዛ ቡትሬክ ስላሽ ፊክስቡት። የመጀመሪያው ትእዛዝ ፋይል ያጠፋል ብለው የሚፈሩ አሉ፣ አያጠፋም፣ የዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ውስጥ ያለውን የማስነሻ ኮድ ብቻ ነው የሚቀይረው፣ የፓርቲሽኑን ሰንጠረዥ አይነካም። መጨረሻ ላይ ማስነሻ ፋይሎቹን እንደገና የሚጽፈው ቢሲዲቡት፣ ከዊንዶውስ ፎልደሩ አድራሻ ጋር። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፣ በጥገና ሞድ ፊደሎቹ ይቀያየራሉ፣ ትንሿ ሲ ሆና ዊንዶውሱ ዲ ሊሆን ይችላል። ዲአይአር ዲ ኮለን ብላችሁ ዊንዶውስ የሚል ፎልደር መኖሩን አዩና ትእዛዙ «ቢሲዲቡት ዲ ኮለን ባክስላሽ ዊንዶውስ ስላሽ ኤስ ሲ ኮለን» ይሆናል፣ ማስነሻውን አክቲቭ ወደሆነችው ሲ ጻፍልኝ ማለት ነው።

ሌሎች

«ኤንቲኤልዲአር ኢዝ ሚሲንግ» የኤክስፒ ነው፣ ከኤክስፒ ሲዲ ላይ ኤንቲኤልዲአርን እና ኤንቲዲቴክት ዶት ኮምን ወደ ሲ መገልበጥ ነው። «ግሩብ ሬስኪው» ካለ ብዙ ጊዜ ሊኑክስ ጎን ለጎን ተጭኖ የነበረና ፓርቲሽኑ የጠፋ ነው፣ ከላይ ያለው ፊክስኤምቢአር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃዋል።

ማስነሻ ፍላሹ ራሱ አልታይ ካለ ደሞ ፍላሹ የተሰራው በጂፒቲ ሊሆን ይችላል። በሩፈስ (ማስነሻ ፍላሽ የሚሰራ ፕሮግራም) እንደገና ስሩት፣ ፓርቲሽን ስኪም የሚለው ጋ ኤምቢአር (የድሮው አከፋፈል)፣ ታርጌት ሲስተም ጋ ባዮስ ምረጡ፣ ስትሰኩትም ሰማያዊውን ዩኤስቢ 3 ትታችሁ ጥቁሩ ላይ ሰኩት፣ አንዳንድ አሮጌ ማሽን በሰማያዊው አይነሳም።