በጨዋታ መሃል የሚግል ኮምፒውተር፦ መንስኤውን ከሙቀቱ አወጣጥ መለየት

ጌም ሲጫወቱ ኮምፒውተራቸው እየጋለ የሚያስቸግራቸው ሰዎች በአብዛኛው ሥራውን የሚጀምሩት ከመጨረሻው ነው። ተርማል ፔስት (ከፕሮሰሰሩ ላይ ሙቀት የሚያሻግር ቅባት) ይቀይራሉ፣ ተጨማሪ ፋን ይገዛሉ፣ አንዳንዶቹም ዊንዶውሱን አጥፍተው እንደ አዲስ ይጭናሉ። ይህ ሁሉ ገንዘብና ጊዜ ከመውጣቱ በፊት ሙቀቱ የሚጨምረው በምን ያህል ፍጥነት እንደሆነ መታወቅ አለበት። በሴኮንዶች ውስጥ የሚያሻቅብ ሙቀትና ሩብ ሰዓት ወስዶ ቀስ እያለ የሚወጣ ሙቀት የሚመነጩት ከተለያየ ብልሽት ስለሆነ የአንዱ መፍትሔ ለሌላው አይሠራም።

ከዚያም በፊት ችግሩ በእርግጥ ሙቀት መሆኑን ያረጋግጡ። በጎንደር የመብራት ኃይል ከፍ ዝቅ ማለቱ የተለመደ በመሆኑ፣ በቮልቴጅ መውረድ ምክንያት የጠፋ ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ በሙቀት እንደጠፋ ይቆጠራል። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የክፍሉ አምፖል ደብዘዝ ብሎ ከተመለሰ፣ ወይም ጨዋታው ምንም ሳይንቀራፈፍ ስክሪኑ በቅጽበት ከጨለመ፣ በቅድሚያ የሚጠረጠሩት የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ስታብላይዘሩና ፓወር ሳፕላዩ (በኮምፒውተሩ ውስጥ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል) ናቸው። ሙቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ጨዋታው ለጥቂት ደቂቃዎች በደንብ ከሄደ በኋላ መቆራረጥ ይጀምራል፣ የፋኑ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ምክንያቱም ፕሮሰሰሩ ወይም ግራፊክስ ካርዱ ራሱን ከጉዳት ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ላይ የሚገኘው «ከርነል ፓወር 41» የሚለው ጽሑፍ ብዙዎችን ያሳስታል፤ እሱ የሚናገረው ኮምፒውተሩ በአግባቡ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው እንጂ ለምን እንደጠፋ አይደለም።

ለመለካት ኤችደብሊው ኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። በጨዋታው መሃል ቁጥሩን በስክሪኑ ጥግ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር አለ። የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር የግራፊክስ ካርዱን ሙቀት ቢያሳይም የፕሮሰሰሩን ስለማያሳይ ብቻውን አይበቃም። አንድ ከባድ ጌም ይምረጡና ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ጨዋታው በተጀመረ በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ፣ ከ5 ደቂቃ በኋላና ከ30 ደቂቃ በኋላ ስንት ዲግሪ እንደደረሱ በወረቀት ይመዝግቡ። የክፍሉን ሙቀትም አብረው ይጻፉ። የክፍሉ አየር በ10 ዲግሪ ሲሞቅ የውስጡ ሙቀትም በዚያው መጠን ገደማ ስለሚጨምር፣ በታኅሣሥ ሌሊት ያለ ችግር የሚሠራ ኮምፒውተር በመጋቢት ከሰዓት በኋላ ቢግል አዲስ ብልሽት ገጥሞታል ማለት አይደለም።

ቁጥሮቹን ለመመዘን ገደቦቹን ማወቅ ይገባል። አብዛኞቹ የቅርብ ዓመታት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ፍጥነታቸውን የሚቀንሱት 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርሱ ነው። አብዛኞቹ የኤኤምዲ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ገደባቸው 95 ነው፤ አምራቹም በከባድ ሥራ ጊዜ እዚያ እንዲደርሱ አስቦ እንደሠራቸው ስለገለጸ፣ ያንን ቁጥር ብቻ አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም። በግራፊክስ ካርድ በኩል ለጂቲኤክስ 1060 የተቀመጠው ከፍተኛ መጠን 94 ዲግሪ፣ ለአርቲኤክስ 3060 ደግሞ 93 ዲግሪ ሲሆን፣ ብዙ የኢንቪዲያ ካርዶች ግን ከዚያ በፊት በ83 ዲግሪ አካባቢ ፍጥነታቸውን በጥቂቱ መቀነስ ይጀምራሉ። በእኔ ግምት በጨዋታ ላይ ከ85 ዲግሪ በታች የሚቆይ ፕሮሰሰርና ከ80 ዲግሪ በታች የሚቆይ ካርድ የሚያስከፍት ምክንያት የላቸውም።

እዚህ ላይ የጎንደር ሰው በውጭ አገር ቪዲዮዎች ላይ የሚያያቸውን ቁጥሮች እንዳሉ መውሰድ የሌለበት ምክንያት አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። አንድ ፋን በተመሳሳይ ፍጥነት ሲሽከረከር የሚገፋው የአየር መጠን እኩል ቢሆንም የአየሩ ክብደት ያነሰ በመሆኑ፣ ተሸክሞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። አዘዞ ወረድ ቢልም ልዩነቱ ለፋን የሚታወቅ አይደለም። ስለዚህ ከተመሳሳይ ዕቃ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ያለ ውጤት ማግኘት እዚህ የሚጠበቅ ነው፤ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ የፋኖቹን ፍጥነት ከፋብሪካው ልክ ከ10 እስከ 15 ከመቶ ከፍ ማድረግ አብዛኛውን ያካክሰዋል። መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ቤት ግን በማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ በሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው ሲአር 2032 ባትሪ ካለቀች፣ ኮምፒውተሩ ከመስመር በተቋረጠ ቁጥር ይህ ማስተካከያ ተሰርዞ ወደነበረበት ይመለሳል። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሰዓቱና ቀኑ የተሳሳተ ከሆነ ባትሪዋን ይቀይሩ።

አሁን ወደ መዘገቡት ወረቀት እንመለስ። ፕሮሰሰሩ በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ገደቡ ድረስ ከወጣ፣ ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ በላዩ ወደተገጠመው ማቀዝቀዣ ብረት፣ ወደ ሂት ሲንኩ፣ አልተሻገረም ብሎ መጠርጠር ይገባል። ይህን የሚያረጋግጡበት ቀላል መንገድ አለ። ፕሮግራሙ 95 ዲግሪ እያሳየ ለጥቂት ደቂቃ ካቆዩት በኋላ ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ ገመዱን ይንቀሉ፣ ወዲያውኑ ጎኑን ከፍተው የሂት ሲንኩን የብረት ክንፎች ከሥር በኩል በጥንቃቄ ይንኩ። ክንፎቹ ለብ ያሉ ብቻ ከሆኑ ጥፋቱ ፕሮሰሰሩና ሂት ሲንኩ በሚነካኩበት መገናኛ ላይ ነው፤ በደንብ ከጋሉ ግን መገናኛው ጤናማ ነው፣ የጎደለው አየር ነው። በውኃ የሚቀዘቅዝ ከሆነም ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ክፍል ግሎ ራዲያተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ከተገኘ ፓምፑ ውኃውን እያዞረ አይደለም።

የመገናኛ ጉድለት ሁልጊዜ የፔስት መድረቅ አይደለም። ከኢንቴል ፕሮሰሰር ጋር የሚመጣው ሂት ሲንክ በአራት የፕላስቲክ እግሮች የሚያዝ ሲሆን፣ ከአራቱ አንዱ ብቻ ተላቅቆ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ኮምፒውተሩ በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ ከተጓዘ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው ይኸው መሆን አለበት። አዲስ በተገጠመ ኮምፒውተር ላይ ከሂት ሲንኩ ሥር ያልተላጠ ስስ ፕላስቲክ ሊኖር ይችላል። እነዚህ ከሌሉ ወደ ፔስቱ ይሂዱ። ሂት ሲንኩን ከመንቀልዎ በፊት ኮምፒውተሩን ለ10 ደቂቃ አሠርተው ያሙቁት፣ ከዚያ አጥፍተውና ገመዱን ነቅለው ሂት ሲንኩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በትንሹ እያዞሩ ያላቅቁት። በተለይ በኤኤምዲ ኤኤም 4 ማዘርቦርድ ላይ በቀጥታ ወደ ላይ መሳብ ፕሮሰሰሩን ከነእግሮቹ ነቅሎ ሊያጣምም ይችላል። አሮጌውን ቅባት በጥጥና በአልኮል ይጥረጉ፤ በመድኃኒት ቤት የሚገኘው 70 ከመቶ አልኮል ውኃ ስለሚበዛበት ከተጠቀሙበት በኋላ እስኪደርቅ መጠበቅ ያሻል። ከአዲሱ ፔስት የአተር ፍሬ የምታህል መሃሉ ላይ አድርገው፣ ብሎኖቹን አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ከመሄድ ይልቅ በሰያፍ እየተፈራረቁ ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ። በፔስት ፋንታ የጥርስ ሳሙና የሚመክሩ ሰዎች አሉ፤ ለአጭር ጊዜ የሠራ ይመስላል፣ ከዚያ ይደርቅና ሥራው ሁሉ እንደገና ይጀመራል።

ሙቀቱ ቀስ እያለ በ20 እና በ30 ደቂቃ የሚወጣ ከሆነ ፔስቱን አይንኩት። የኬዙን ጎን ከፍተው ያንኑ ጌም በዚያው ክፍል ለ30 ደቂቃ ይጫወቱ። ሙቀቱ 8 ወይም 10 ዲግሪ ከወረደ የሞቀው አየር መውጫ አጥቷል ማለት ነው። በየቤቱ የሚታየው አቀማመጥም ለዚህ አስተዋጽኦ አለው። ኮምፒውተሩ ቢፌ ውስጥ ይቀመጣል፣ ጀርባው ግድግዳ ይነካል፣ በላዩም የሞቀው አየር በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ዳንቴል ይለበሳል። ዳንቴሉን ያንሱ፣ ጀርባውን ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ስንዝር ያርቁ። ቀጥሎ የፋኖቹን አቅጣጫ ይመርምሩ፤ የፊቶቹ አየር ማስገባት፣ የኋላው ማስወጣት አለበት። ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ወደ ፋኑ ሲያስጠጉ ወደ ውስጥ ከተሳበ ያስገባል፣ ከተገፋ ያስወጣል። ሁለቱም የሚያስወጡ ሆነው የሚገኙበት ጊዜ ቀላል አይደለም።

አቧራው የጎንደር በጋ ትልቁ ጣጣ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት የሚገባው ደረቅ አቧራ ብቻውን ቢሆን በብሩሽ ይራገፍ ነበር፤ ነገር ግን ቡና በሚፈላበት ክፍል ውስጥ የከሰሉና የዕጣኑ ጭስ ስለሚቀላቀልበት፣ በፋኑ ምላሶች ላይ በጣት ሲነኩት የሚያጣብቅ ቡናማ ሽፋን ይሠራል። ይህን ብሩሽ አያነሳውም፤ በአልኮል የራሰ ጥጥ አንድ በአንድ መጥረግ ይጠይቃል። ደረቁን አቧራ ለማራገፍ ኮምፒውተሩን ወደ በረንዳ አውጥተው፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይዘው በእጅ ማናፈሻ ይንፉበት። ወደ ጎሚስታ ወስዶ በጎማ መንፊያው ኮምፕሬሰር ማስነፋት ግን የሚበጅ አይደለም፤ ግፊቱ የፋኑን ምላስ ይሰብራል፣ ከአየሩም ጋር ውኃና ዘይት ይረጫል።

ላፕቶፕ የሚለየው አቧራው ከውጭ ስለማይታይ ነው። የሥር ክዳኑ ሲከፈት ፋኑ ንጹሕ ይመስላል፤ ፋኑ ራሱ በብሎኖቹ ተፈትቶ ሲነሳ ግን ከፋኑና ከመዳብ ክንፎቹ መካከል፣ የአየሩ መውጫ ላይ፣ እንደ ብርድ ልብስ የተጠቀጠቀ የአቧራ ንጣፍ ይገኛል። እሱን በወረንጦ ማንሳት ብቻውን ከአዲስ ፔስት የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ላፕቶፑን ጋቢ ወይም ፍራሽ ላይ አስቀምጦ መጫወት የሥሩን ቀዳዳ ስለሚደፍን፣ ጠረጴዛ ላይ አድርገው ኋላውን በሁለት ጣት ከፍ ያድርጉት።

ግራፊክስ ካርዱ ብቻውን የሚግል ከሆነ፣ ዴስክቶፑ ላይ ምንም ሳይሠራ ፋኖቹ ቆመው ቢያዩ አይደንግጡ፤ ብዙ ካርዶች ሙቀታቸው ዝቅተኛ ሲሆን ፋናቸውን ራሳቸው ያቆማሉ። በጨዋታ ላይ ግን ሁሉም መዞር አለባቸው። ካርዱ የሞቃቱን ነጥብ (ሆት ስፖት፣ ከቺፑ ይበልጥ የጋለውን ቦታ) ሙቀት የሚያሳይ ከሆነ፣ ከአጠቃላይ ሙቀቱ ያለው ልዩነት ከ30 ዲግሪ ሲበልጥ ፔስቱ ደርቆ ሊሆን ይችላል። ካርድ መፍታት ግን ከፕሮሰሰር የከበደ ሥራ ነው፤ በሚሞሪዎቹ ላይ ያሉት ለስላሳ ንጣፎች ከተቀደዱ በዚያው ውፍረት መተካት ስላለባቸው፣ ልምድ ለሌለው ሰው ባለሙያ ዘንድ መውሰድ ይሻላል።

ዕቃው ሁሉ ጤናማ ሆኖ ሙቀቱ አሁንም የሚያስቸግር ከሆነ የቀረው ማስተካከያ ነው። 60 ኸርዝ በሆነ፣ ማለትም በሴኮንድ 60 ምስል (ፍሬም) ብቻ በሚያሳይ ስክሪን ላይ በሴኮንድ 140 ፍሬም የሚያወጣ ካርድ ከግማሽ በላይ ድካሙ በከንቱ ስለሚሄድ፣ በጌሙ ማስተካከያ ውስጥ የፍሬሙን ብዛት በ60 ይገድቡ። በአፍተርበርነር የካርዱን የኃይል ገደብ ወደ 80 ከመቶ ማውረድም በዓይን የሚታይ ልዩነት ሳያመጣ ሙቀቱን በደንብ ይቀንሳል። ለላፕቶፕ ደግሞ በዊንዶውስ የኃይል አማራጮች ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን 99 ከመቶ ማድረግ በብዙ ማሽኖች ላይ ቱርቦውን (ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበትን አሠራር) ያጠፋል፤ ፍጥነቱ ጥቂት ቢቀንስም ሙቀቱ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊወርድ ይችላል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩና በዚያው ጌም፣ በዚያው ሰዓት፣ ለ30 ደቂቃ እንደገና ይለኩ። ወደ ባለሙያ መሄድ ግድ ከሆነም ያንን ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ «ይግላል» ከሚል ቃል ይልቅ «በ20 ሴኮንድ 97 ደረሰ፣ ክንፉ ግን ቀዝቃዛ ነው» የሚለው የጥገናውን ሰዓትም ክፍያውንም ያሳጥራል።