የትራፊክ ጥፋት ያለባትን ሞግዚት ከመቅጠራችሁ በፊት እንዴት ታጣራላችሁ

ልጅቷን ወዳችኋታል፣ ልጃችሁም ለምዷታል፣ ከዛ ሪከርዷ ላይ የመንዳት ጥፋት ተገኘ። አንዳንዱ ደንግጦ ወዲያው ይሰርዛታል፣ አንዳንዱ "ያልተቀጣ ሹፌር አለ እንዴ" ብሎ ያልፋታል፣ ለኔ ሁለቱም ችኮላ ነው።

መጀመሪያ ስራው ላይ መኪና ትነዳለች ወይ የሚለውን ለይታችሁ እወቁ። የማትነዳ ከሆነ የድሮ የፍጥነት ቅጣት ብዙም አያሳስብም። ግን እራሳችሁን እንዳትሸውዱ፣ አትነዳም ብላችሁ ቀጥራችሁ ከ2 ወር በኋላ ስብሰባ ሲረዝምባችሁ "እስኪ ዛሬን ብቻ አንቺ አምጪልኝ" ማለታችሁ አይቀርም።

ቀጥሎ ጥፋቱ ምን እንደሆነና መቼ እንደሆነ። የፓርኪንግ ቅጣት እኔ ጥፋት ብዬም አልቆጥረው። ፍጥነት አንዴ ከሆነ ያጋጥማል፣ በ1 አመት 3 ጊዜ ከሆነ ግን አመል ነው። ገጭቶ ማምለጥ ለኔ ከሁሉም ይከብዳል፣ መኪና ባትነዳም እንኳን፣ ምክንያቱም ልጁ ከአልጋ ቢወድቅ ሳትደብቅ ወዲያው የምትደውልላችሁ ሰው ነው የምትፈልጉት። ጠጥቶ መንዳት ከሆነ ደግሞ ከዛ በኋላ ምን እንደተለወጠ ጠይቁ፣ ማታ የተጠጣ አልኮል ጠዋት ደም ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ የሷ ስራ ደግሞ ጠዋት ነው የሚጀምረው።

ወረቀቱን ከማንሳታችሁ በፊት "እስኪ ምን እንደተፈጠረ ንገሪኝ" በሏትና ዝም ብላችሁ ስሙ። እኔ አንዷን ስጠይቅ "ትንሽ ጭረት ነበር" አለችኝ፣ ወረቀቱ ላይ ግን መንጃ ፈቃዷ ታግዶ ነበር፣ ሌላዋ "ሜሴጅ እያየሁ የፊቴን መኪና ገጨሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለች፣ የቀጠርኩት ሁለተኛዋን ነው። የመንዳት ሪከርድና የወንጀል ሪከርድ ብዙ ቦታ የተለያዩ ወረቀቶች ስለሆኑ አንዱን አይታችሁ ንፁህ ነች አትበሉ፣ በፅሁፍ ፈቃዷን ሳትቀበሉም አታስወጡ። አንዳንድ አገር ጊዜ ያለፈበትን ጥፋት መጠየቅ ወይ በሱ ምክንያት አልቀጥርም ማለት በህግ የተገደበ ነው፣ ያላችሁበትን ቦታ ህግ ቀድማችሁ እዩት።

የምትነዳ ከሆነ ልጁ ሳይኖር አጠገቧ ተቀምጣችሁ አንድ ግማሽ ሰአት አስነዷት። ስልኳ ሲጠራ እጇ ወዴት እንደሚሄድ እዩ፣ የአለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እየነዳ ስልክ የሚጠቀም ሰው የመጋጨት እድሉ ወደ 4 እጥፍ ነው። ከዛ ልጁን መኪናው ውስጥ ባለው የልጆች መቀመጫ ላይ እንድታስረው ስጧት፣ ወፍራም ጃኬቱን አውልቃ ነው ማሰር ያለባት፣ ካሰረች በኋላ ቀበቶውን ትከሻው ጋር በሁለት ጣት ቆንጥጡት፣ ከታጠፈላችሁ ላልቷል። ይሄን የምታውቅ ከሆነች ግማሹ ጭንቀት ይቀላል።

ኢንሹራንሳችሁ ጋር ደውሉና ጥፋቱን ሳትደብቁ ስሟን አስመዝግቡ፣ መልሱንም በፅሁፍ ተቀበሉ፣ ተደብቆ ከተገኘ አደጋ ሲደርስ አንከፍልም ሊሉ ይችላሉ።

የስራ ውሉ ላይ አዲስ ቅጣት ካገኘች በዛው ቀን እንድትነግራችሁ፣ የመጀመሪያው ወር ደግሞ ሙከራ እንደሆነ ፃፉ። እንዳትነዳ ከተስማማችሁ ደግሞ አስቸኳይ ነገር ሲመጣ ማን እንደሚነዳ ስልክ ቁጥሩን ፍሪጁ ላይ ለጥፉላት።