የጋቢናዬን ወለል እንዴት እንደቀየርኩት

ጅቡቲ መስመር ላይ ዓመታት የሠራው ባለተሳቢ መኪናዬ የጋቢናው ወለል አልቆ ነበር። ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን ስረግጥ ተረከዜ የሚያርፍበት ቦታ የወለሉ ጎማ ተበልቶ ላሜራው ይታያል። አፋር በረሃ ውስጥ ሚሌን ስናልፍ የሞተሩ ሙቀት በዚያ በኩል እየገባ እግሬን ይለበልበኛል።

ወንበሮቹን ፈትቼ ጎማውን ስገልጠው ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ርሷል፤ ስጨምቀው ዝገት የቀላቀለ ውሃ ይወርዳል። ዋናው በሽታ ይሄ ነው። ውሃው የሚገባው በተሰነጠቀው የበር ጎማ ነበር። እሱን ትቼ አዲስ ባነጥፍ ከአንድ ክረምት አያልፍም። መጀመሪያ የበሩን ጎማ ቀየርኩ።

ዝገቱን በብረት ብሩሽ ፈግፍጌ፣ ሁለት ጣት የምታስገባዋን ቀዳዳ በላሜራ አስበየድኳት። ከብየዳ በፊት የባትሪዎቹን ገመድ መንቀል እንዳትረሱ። ከዚያ ጸረ ዝገት ቀለም ሁለት ጊዜ ቀብቼ አሳደርኩት።

ከመርካቶ የገዛሁትን ወፍራም ጎማ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ለመቁረጥም ይታዘዛል። አሮጌውን ላዩ ላይ ዘርግቼ በጠመኔ አሰመርኩ። ቢቀዳደድም ከእሱ የተሻለ ልክ የለም፤ አትጣሉት። ማስቲሽ የቀባሁት ጠርዙን ብቻ ነው፤ ነገ ውሃ ቢገባ ገልጬ ላደርቀው።

አንድ ነገር ሊያመልጠኝ ነበር። አዲሱ ጎማ ከበፊቱ ስለሚወፍር ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው አልወርድ አለ። ከሥሩ ያለውን ቆርጬ አነሳሁለት። ሞተር ሳታስነሱ ሦስቱንም ፔዳል እስከ ታች ተጭናችሁ ሞክሩ፤ በተለይ ፍሬኑን።

ባለፈው ጉዞ ረዳቴ ሚሌ ላይ ጫማውን አውልቆ ተቀመጠ።