ከአኒሊን ጋር ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ1856 ዊልያም ፐርኪን የሚባል የ18 ዓመት ተማሪ የወባ መድኃኒት አገኛለሁ ብሎ ሲሞክር፣ አኒሊን ከሚባለው ኬሚካል ሐምራዊ ቀለም ወጣለት። የሰው ሠራሽ የጨርቅ ቀለም ኢንዱስትሪ የተነሣው ከዚያ ነው። አኒሊን ዛሬም ቀለም ይሠራበታል፤ መርዝነቱም እንዳለ ነው።

ማስክ አድርጌያለሁ ብሎ መዝናናት። ይሄ ዘይት መሳይ ፈሳሽ በትንፋሽ ብቻ አይደለም የሚገባው። ጭረት በሌለው ቆዳ በኩል ሰተት ብሎ ይገባል፤ ተኑም እንደዚያው። ስስ የላቴክስ ጓንት አይመክተውም፣ የቡቲል ጎማ ጓንት ያስፈልጋል። ልብስ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው አውልቆ ገላን በሳሙናና በብዙ ውሃ መታጠብ ነው። የሚረሳው ጫማ ነው። ቆዳ ጫማ አኒሊንን ይመጠዋል፣ ታጥቦም አይለቅም። ቢያሳዝንም ይጣል።

«ምንም አልሆንኩም» ማለት። በእኔ እይታ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። አኒሊን ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ደም ውስጥ ኦክስጅን በሚሸከመው በሂሞግሎቢን ውስጥ ያለውን ብረት ይለውጠዋል። የተለወጠው ሜትሂሞግሎቢን ይባላል፤ ኦክስጅን መሸከም አይችልም። ችግሩ ምልክቱ ሰዓታት ሊዘገይ መቻሉ ነው። ሰውየው ቤቱ ገብቶ ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ከንፈሩና የጥፍሩ ሥር ይጠቁራል። አልኮል ደግሞ ያባብሰዋል፤ ስለዚህ ከሥራ መልስ አንድ ሁለት ማለት ይቅር።

ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ ማመን። መሣሪያው ይሸወዳል። ሜትሂሞግሎቢን ሲበዛ ቁጥሩ 85 በመቶ አካባቢ ይቆማል፤ በሽተኛው እየባሰበት ቢሄድም ብዙም አይወርድም። የተቀዳው ደም ግን ቸኮሌት ይመስላል። ትክክለኛውን መጠን የሚነግረው ኮ-ኦክሲሜትር የሚባለው የደም ምርመራ ነው። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ መጀመሪያ «አኒሊን ነክቶኛል» ይበሉ። ማርከሻው ሜቲሊን ብሉ ነው፤ የሚገርመው እሱም ራሱ ቀለም ነው። የጂ6ፒዲ ኢንዛይም እጥረት ያለበት ሰው ግን ይህንንም ሳይደብቅ ይናገር፣ መድኃኒቱ ቀይ የደም ሕዋሱን ሊያፈርስበት ይችላል።

የፈሰሰውን በበረኪና ማጽዳት። በረኪና ኦክሲዳይዘር (ሌላ ነገር እንዲቃጠል የሚረዳ ኬሚካል) ነው፣ አኒሊን ደግሞ ከኦክሲዳይዘር ጋር አይስማማም። ናይትሪክ አሲድ ካገኘውማ ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። በደረቅ አሸዋ አስመጥጦ ክዳን ባለው ዕቃ መሰብሰብ ይሻላል።

ካንሰሩን የሌላ ጣጣ ማድረግ። ሉድቪግ ሬን የተባለ ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895 የቀለም ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የሽንት ፊኛ ካንሰር አይቶ ጽፏል። በኋላ ዋነኞቹ ጥፋተኞች እነ ቤንዚዲን የሚባሉ ሌሎች የቀለም ፋብሪካ ኬሚካሎች መሆናቸው ታወቀ። ያ ግን አኒሊንን ነፃ አያወጣውም፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው ምድብ 2ኤ ውስጥ አስገብቶታል።